ካምቢዮው ምን በደለ?

ማርሽ አልገባ ያለው አሽከርካሪ በመጀመሪያ በክንዱ ይገፋል፤ ክንዱ ሲዝል መካኒክ ዘንድ ይሄዳል። መካኒኩም የመኪናውን በር ሳይከፍት «ካምቢዮው አልቋል፤ መውረድ አለበት» ይላል። ከግፊያው እስከ ፍርዱ ድረስ አንድ ጥያቄ እንኳ የጠየቀ የለም። የዚህ ጽሑፍ ጠብ ከዚሁ ልማድ ጋር ነው።

«የሥነ ጽሑፍ መጽሔት ከማርሽ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ ብለን ስንናገር ከጣሊያንኛ የወረስነውን አማርኛ እየተናገርን መሆኑን ያስታውስልኝ። ስሙን ከወረስን ዘመናት አልፈዋል። የዕቃውን ጠባይ ማወቅ ግን ገና ዕዳችን ነው።

አጎቴ ያወረሰኝ አሮጌ አልፋ ሮሜዮ ስፓይደር አለኝ፤ 2000 የሚባለው፣ ባለ አምስት ማርሹ። ዘሩ እ.ኤ.አ. በ1966 የተጀመረ የስፖርት መኪና ነው። ባለፈው ኅዳር ቸርችል ጎዳናን ሽቅብ ስይዝ ማርሹ ሁሉ ደረቀብኝ፤ ሁለተኛው ደግሞ ጭራሽ ባሰበት። ስሙን የማልጠራው አንድ ጋራዥ ካምቢዮውን አወረደ፣ ፈታ፣ ገጠመ፤ የሁለት ወር ገቢዬንም ተቀበለ። ማርሹ እንደ ደረቀ ቀረ። በተጨማሪም ቀድሞ የማያውቀውን ዘይት ማንጠባጠብ ጀመረ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኼ አይደለም?

በመጨረሻ ጡረታ የወጡ አንድ አዛውንት መካኒክ ዘንድ ወሰድኩት። መፍቻ አላነሡም። «ልጄ፣ ሞተሩን አጥፋና ማርሾቹን አንድ በአንድ አስገባ» አሉኝ። ሁሉም ያለ ችግር ገቡ። «አሁን አስነሣና ፍሪሲዮን ረግጠህ ትንሽ ቆይ፤ ከዚያ የኋላ ማርሽ አስገባ» አሉ። ተንኳኳ፣ ተፋጨ። «እንግዲህ ካምቢዮው ምን በደለ? የማይለቀው ፍሪሲዮኑ ነው» ብለው ሳቁ።

ነገሩ ቀላል ነው። ሞተሩ ጠፍቶም ማርሹ ከደረቀ ጥፋቱ በዘንጉ፣ በመጋጠሚያው ወይም በካምቢዮው ውስጥ ሊሆን ይችላል። ሞተሩ ሲነሣ ብቻ ከደረቀ ግን ፔዳሉ ተረግጦም ፍሪሲዮኑ ሞተሩንና ካምቢዮውን በሚገባ አልለያያቸውም ማለት ነው። ያን ጊዜ የሚታየው የፍሪሲዮኑ ዘይት ነው፤ ጠቁሯል? አየር ገብቶበታል? ፖምፓው ያፈሳል? በእኔ መኪና ዕድሜ የጠገበው የጎማ ቱቦ ፔዳሉ ሲረገጥ እየተነፋ ግፊቱን ይበላው ነበር። ቱቦው ተለወጠ፣ ዘይቱ ታደሰ፣ አየሩ ወጣ፤ ማርሾቹም ተለቀቁ።

ሁለተኛው ማርሽ ግን ጠዋት ጠዋት አሁንም ያስቸግር ነበር። አዛውንቱ ከካምቢዮው ጥቂት ዘይት አውጥተው በጣታቸው አሹ፣ አሸተቱ፤ «የዲፈረንሻል ዘይት ነው የሞሉልህ» አሉኝ። ጋራዡን ብጠይቅ «ዘይት ዘይት ነው» አለኝ። አይደለም! የዲፈረንሻል ዘይት የጥርሶቹን ከባድ ጫና እንዲችል ልዩ ቅመም ይበዛበታል። በካምቢዮ ውስጥ ያለው ሲንክሮናይዘር ግን በተለያየ ፍጥነት የሚዞሩ ጥርሶችን የሚያስማማው በፍትጊያ ነው፤ ከመጠን በላይ የሚያንሸራትት ዘይት ይህን ፍትጊያ ይነሣዋል። በውርጭ ደግሞ የወፈረ ዘይት የጥርሶቹን ፍጥነት ለማስተካከል ያዘገየዋል። ስለዚህ ጣሳው ላይ ጂኤል 4 ይሁን ጂኤል 5 የሚለውን ማንበብ ቅንጦት አይደለም። መኪናውም ለሁለቱ ሁለት ዓይነት ዘይት የታዘዘለት በከንቱ አይደለም።

ካምቢዮ ፈጽሞ አይፈታ አልልም። ትክክለኛው ዘይት ገብቶ፣ ፍሪሲዮኑ በሚገባ እየለቀቀ፣ ሞተሩም ሞቆ ማርሹ አሁንም ከተፋጨ፣ ከገባ በኋላ ተመልሶ ከወጣ፣ ወይም በተቀዳው ዘይት ውስጥ የብረት ስብርባሪ ከታየ ይፈታ። መፍታት ግን የመጨረሻው ምዕራፍ እንጂ መቅድም አይደለም።

እኛ ባለመኪኖችም ከደሙ ንጹሕ አይደለንም። በብርድ ሁለተኛ ማርሽን በጉልበት የሚገፋ ሰው ሲንክሮናይዘሩን በገዛ እጁ እየፋቀ ነው። የኔው መኪና ዛሬም ጠዋት እስኪሞቅ ድረስ ትንሽ ይግደረደራል። የዚህ ዘር የታወቀ ጠባይ ነውና ታግሼ በቀስታ አስገባለታለሁ። ለመካኒኩም «ደርቋል» ብለን ቁልፉን ወርውረን ከመሄድ፣ መቼ፣ በየትኛው ማርሽ፣ ሲበርድ ወይስ ሲሞቅ እንደሚደርቅ መናገር የእኛ ፋንታ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተወስኗል። አሮጌዎቹ ምትክ የላቸውም፤ ባልተበላሸ ካምቢዮ ውስጥ በመዶሻ የተሰበረ ቀለበትም ሱማሌ ተራ ዞረው የሚያገኙት ዕቃ አይደለም። እንግዲህ ባለጋራዦች ሆይ፣ ከመፍቻው በፊት ጥያቄውን አስቀድሙ። ሞተር አጥፍቶ ማርሽ ለማስገባት የሚፈጀው ግማሽ ደቂቃ ነው፤ ሳንቲምም አያስወጣ።