ሞላው ረዘመ፣ ጭንቅላታችን ግን ያው ነው

በአዲጋላ አሸዋና ጠጠር ላይ ሞተር የሚነዳ ልጅ ያላችሁ ወላጆችና አያቶች፣ ይህን ልብ በሉልኝ።

እ.ኤ.አ. በ1968 ገበያ ላይ የዋለው ያማሃ ዲቲ-1፣ ከአስፋልት ውጭም እንዲሄድ የተሠራ ባለ 250 ሲሲ ሞተር ነበር። የኋላ ሞላዎቹ ሁለትና አጫጭር ስለነበሩ የጉድጓዱ ዱላ ወገብ ላይ ያርፋል። በ1970ዎቹ አጋማሽ ያማሃ በውድድር ሞተሮቹ ላይ ሁለቱን በአንድ ረጅም ሞላ ተካ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ቀድሞ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ከፍ ዝቅ ይል የነበረው የኋላ ጎማ፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ደረሰ።

ለወገብ እፎይታ ነው። ነገር ግን ጉድጓዱ ካልተሰማው ልጁ ፍጥነት ይጨምራል። መቀመጫውም ከፍ ስላለ፣ ሲቆም እግሩ መሬት ያልደረሰለት ይወድቃል።

ስለዚህ እግሩ መሬት ሳይረግጥ ቁልፍ አትስጡት። ሕፃን ከፊት ታቅፎ አይነዳ። ማርሚታ ያቃጠለውን እግር ለ20 ደቂቃ ንጹህ ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሱበት፤ ቅቤም የጥርስ ሳሙናም አትቀቡት።

ከሁሉ በላይ ሄልሜት! የሞት አደጋን በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ በጥናት ተረጋግጧል። ማሰሪያው ካልተቆለፈ ግን ባርኔጣ ነው። ለሚነዳውም፣ ከኋላ ለሚቀመጠውም እናንተው እሰሩላቸው።