ዋና ከተማው ቀረበ፣ መንደሩ ግን ባዶ ቀረ

«መንግሥት ወደ ሕዝቡ ይቅረብ» የሚለው ጥያቄ በየትኛውም አገር ሲነሳ የሚሰጠው መልስ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። አዲስ ግዛት ይዋቀራል፣ አዲስ ዋና ከተማ ይሰየማል፣ አዲስ ምክር ቤት ይመረጣል። ከዚያ በኋላ ግን መንግሥት በእርግጥ ቀርቦ እንደሆነ ሕዝቡን ተመልሶ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ዛሬ ይህንን ጥያቄ የማነሳው በሰሜን ህንድ፣ ከሂማላያ ተራሮች ግርጌ በምትገኘው ፓውሪ ጋርዋል በምትባል የገጠር አውራጃ ምክንያት ነው። አውራጃዋን የመረጥኩት እዚያ የተሞከረው ሁሉ በሕግ የተሞከረ፣ ውጤቱም በሕዝብ ቆጠራ የታየ በመሆኑ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሽቅብ የምትወጣው አውራጃ

ፓውሪ ጋርዋል 5,329 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት አላት። በደቡብ ጫፏ ያለችው ኮትድዋር የጋንጀስ ሜዳ አልቆ ተራራው በሚጀምርበት ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። ባቡሩም የሚቆመው እዚያ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ጠመዝማዛና ሽቅብ ነው። የአውራጃዋ መቀመጫ የሆነችው ፓውሪ ከተማ ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ሸንተረር ላይ ስትገኝ፣ በምሥራቅ በኩል ያለው የዱድሃቶሊ ተራራ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። በሰሜን ከጋንጀስ ዋና ዋና መነሻዎች አንዱ የሆነው አላክናንዳ ወንዝ ያዋስናታል።

ገበሬው ቁልቁለቱን በእርከን ከፋፍሎ ስንዴ፣ ሩዝና እኛም የምናውቀውን ዳጉሳ ያመርታል። ማሳው ጠባብና የተበጣጠሰ፣ አብዛኛውም ዝናብ ጠባቂ ነው። ስለዚህም ወንዱ ከቆየ ልማድ ደመወዝ ፍለጋ ወደ ሜዳው ወይም ወደ ጦር ሠራዊቱ ይወርዳል። እርሻውን፣ ከብቱን፣ ማገዶውንና ውኃውን የምትሸከመው ሴቲቱ ናት። በ2011 ቆጠራ በመላው ህንድ ለ1,000 ወንዶች 943 ሴቶች ሲቆጠሩ፣ በፓውሪ ጋርዋል ግን 1,103 ነበሩ። ይህ አኃዝ ምን ያህል ወንዶች ከቤታቸው ርቀው እንደሚኖሩ ይነግረናል።

በወንዝ የተከፈለ ሕዝብ

ጋርዋል የሚለው ስም «ምሽግ» ከሚለው ቃል ጋር የተያያዘ ነው። በትውፊቱ መሠረት በየኮረብታው የነበሩትን 52 ምሽጎች አንድ ያደረጋቸው ንጉሥ አጃይ ፓል ነው። ዋና ከተማው በአላክናንዳ ዳር ያለችው ስሪናጋር ነበረች፤ ስሟ ከካሽሚሯ ስሪናጋር ጋር ይመሳሰል እንጂ ሌላ ከተማ ናት። በ1804 የኔፓል ጉርካዎች ንጉሡን በጦር ሜዳ ገድለው አገሩን ያዙ። እንግሊዞች በ1815 ጉርካዎችን ካስወጡ በኋላ አገሩን ለሁለት ከፈሉት። ምዕራቡን ለሟቹ ንጉሥ ልጅ መልሰው፣ ምሥራቁን ለራሳቸው አስቀሩ። በ1839 ጋርዋል ራሱን የቻለ አውራጃ ሲሆን፣ በ1840 መቀመጫው ከስሪናጋር ወደ ፓውሪ ተዛወረ። ከህንድ ነፃነት በኋላም መሸንሸኑ አልቆመም። በ1960 ቻሞሊ ተገንጥላ ወጣች፤ በ1997 ደግሞ ሩድራፕራያግ ከሦስት አውራጃዎች በተወሰደ መሬት ተመሠረተች።

ያ ሩቅ የቅኝ ገዥ መንግሥት ሲፈልግ መቅረብ እንደሚችል ያሳየበት ጊዜ ነበር። በ1893 ተራራ ተንዶ የአላክናንዳን ገባር ሲገድበው ትልቅ ሐይቅ ተፈጠረ። መሐንዲሶች ሐይቁ መቼ እንደሚፈርስ አስልተው፣ የቴሌግራፍ መስመር ዘርግተው፣ በታች ያለውን ሕዝብ አስነሱ። በነሐሴ 1894 ግድቡ ሲደረመስ ስሪናጋር ከተማ ሙሉ በሙሉ ተጠርጋ ስትሄድ የሰው ሕይወት ግን ከሞላ ጎደል ተረፈ። ይሁንና ያው መንግሥት ደኑን በአዋጅ ከመንደሩ እጅ ወሰደ፤ ተራራውን ለሚያቋርጥ ባለሥልጣንም ገበሬውን ያለ ክፍያ ሸክም ያሸክመው ነበር። ሕዝቡ አሻፈረኝ ብሎ የግዳጅ ሸክሙን ያስቀረው በ1921 ነው። የደን ተቃውሞውም በ1931 የመንደር የደን ምክር ቤቶች በሕግ እንዲቋቋሙ አስገደደ።

እንግሊዞች ከዚህ ምድር በብዛት የወሰዱት ሌላው ሀብት ወታደር ነበር። በ1887 የተመሠረተው የጋርዋል ክፍለ ጦር መቀመጫውን ላንስዳውን በምትባለው የአውራጃዋ ከተማ አደረገ። ነገሩ ከእኛም ታሪክ ጋር ይገናኛል። የ18ኛው ሮያል ጋርዋል ራይፍልስ 3ኛ ሻለቃ በኅዳር 1940 ከመተማ ማዶ ያለችውን ጋላባትን ከጣሊያን ለማስለቀቅ ተዋግቷል፤ በ1941 ደግሞ በከረን ተሰልፏል። ከእርከን ማሳው ተነስቶ የወጣው ገበሬ ያለ ዕዳው በእኛ ድንበር ላይ ወድቋል።

መሬት ለኪው ፖሊስ

ሕግ ለተማረ ሰው የዚህች አውራጃ እጅግ አስገራሚ ተቋም «ፓትዋሪ» የሚባለው ሹም ነው። ፓትዋሪ በመሠረቱ የመሬት መዝገብ ያዥና የግብር ሠራተኛ ነው። እንግሊዞች በተራራው ላይ ወንጀል ጥቂት፣ መደበኛ ፖሊስ ማሰማራት ደግሞ ውድ መሆኑን አይተው የፖሊስነቱን ሥልጣንም ለዚሁ ሹም ደረቡለት። አቤቱታ ይቀበላል፣ ይመረምራል፣ ያስራል። መሣሪያ ስለማይታጠቅ ሕዝቡ «የጋንዲ ፖሊስ» ይለዋል። ይህ አሠራር እንግሊዞች ከሄዱ በኋላም ቀጠለ። እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ ከግዛቱ ስፋት ከግማሽ በላይ የሚሆነው በዚሁ «የገቢ ፖሊስ» ሥር ነበር።

ለአሠራሩ የሚከራከሩ ሰዎች ነጥብ አላቸው። ፓትዋሪው መንደሩን ያውቃል፣ የወሰን ጠቡን ከሥሩ ያውቃል፣ ሕዝቡም አይፈራውም። በሌላ አነጋገር፣ ከሕዝብ በቀረበ አስተዳደር ከተለካ ፓትዋሪን የሚያህል ቅርብ ሹም አይገኝም። ነገር ግን የወንጀል ምርመራ ሥልጠና የለውም፣ የአስከሬን ምርመራም ሆነ የአሻራ ማንሻ መሣሪያ የለውም፣ የሚጠራውም ረዳት ኃይል የለውም። የግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በጥር 2018 አሠራሩ በስድስት ወር ውስጥ እንዲቀር አዘዘ። መንግሥት ግን ትዕዛዙን ከመፈጸም ይልቅ ይግባኝ አለ።

የዝግታው ዋጋ በመስከረም 2022 ታየ። በአውራጃዋ ያምኬሽዋር በሚባለው ክፍል፣ በአንድ የእንግዳ ማረፊያ በእንግዳ ተቀባይነት ትሠራ የነበረች የ19 ዓመት ወጣት ጠፋች። የማረፊያው ባለቤት የገዥው ፓርቲ ፖለቲከኛ ልጅ ነበር። ስፍራው በገቢ ፖሊስ ሥር በመሆኑ ጉዳዩ በመጀመሪያ የቀረበው ለፓትዋሪው ነው። ለመደበኛው ፖሊስ የተላለፈው ከቀናት በኋላ ሲሆን፣ አስከሬኗ የተገኘው ከቦይ ውስጥ ነው። የኮትድዋር ፍርድ ቤት በግንቦት 2025 ባለቤቱንና ሁለት ሠራተኞቹን በዕድሜ ልክ እስራት ቀጣ። ገቢ ፖሊስን ደረጃ በደረጃ በመደበኛው ፖሊስ ለመተካት የግዛቱ ካቢኔ የወሰነው በጥቅምት 2022፣ ማለትም ወጣቷ ከሞተች በኋላ ነው። ልጅቷ ከተራራው መንደር የወጣችው ሥራ ፍለጋ ነበር። ወላጆቿ አቤት ሲሉ ሹሙ ቅርብ ነበር፤ አቅሙ ግን ሩቅ ነበር።

«ላክናው ሩቅ ነው»

እስከ 2000 ድረስ ፓውሪ ጋርዋል የኡታር ፕራዴሽ ግዛት አካል ነበረች። ዋና ከተማዋ ላክናው ከሜዳው መካከል ትገኛለች። የተራራው ሕዝብ «ላክናው ሩቅ ነው፣ ሕጉም በጀቱም የሚወጣው ለሜዳ ሰው ነው» ሲል ኖረ። ጥያቄው በ1994 ወደ አደባባይ ወጣ። በዚያው ዓመት በጥቅምት መጀመሪያ ወደ ዴልሂ ለሰልፍ በሚጓዙ ሰዎች ላይ በሙዛፋርናጋር አቅራቢያ ፖሊስ ተኩሶ ሰው ገደለ። በመጨረሻም ኅዳር 9 ቀን 2000 አዲሱ ግዛት በ13 አውራጃዎች ተመሠረተ። ኡታራካንድ የሚለውን ስም በይፋ የያዘው በ2007 ነው።

ይህ ሁሉ ደም ከፈሰሰ በኋላ ምን ተገኘ? ሁለት ቆጠራዎችን እናስተያይ። በ2001 በፓውሪ ጋርዋል 697,078 ሰው ነበር። በ2011 ወደ 687,271 ወረደ። በእነዚሁ ዓመታት የግዛቱ ሕዝብ ወደ 19 በመቶ ገደማ አድጓል፤ ሕዝባቸው የቀነሰው ፓውሪ ጋርዋልና አልሞራ ብቻ ናቸው። የግዛቱ መንግሥት በ2017 የፍልሰት ኮሚሽን አቋቁሞ መቀመጫውን በፓውሪ አደረገ። ኮሚሽኑ በ2018 ባወጣው ሪፖርት ከ2011 ወዲህ 734 መንደሮችና ጎጦች ጭራሽ ሰው አልባ ሆነዋል፤ ከሁሉም የበዙት ደግሞ የፓውሪ ናቸው። ከፈለሱት ግማሽ ያህሉ ምክንያታቸው ሥራ ማጣት ሲሆን፣ ትምህርት ቀጥሎ ይመጣል። ልብ በሉ፤ ይህች አውራጃ ያልተማረች አይደለችም። በ2011 ማንበብና መጻፍ የሚችለው 82 በመቶ ነበር። የተማረው ነው ጥሎ የሄደው።

«ባለሥልጣን ስለሌላት ነው» እንዳይባል፣ የባለሥልጣን ድሃም አይደለችም። የመጀመሪያው የህንድ የመከላከያ ኢታማዦር ሹም ጄኔራል ቢፒን ራዋት የዚህች አውራጃ ልጅ ነበሩ። ከኡታራካንድ ዋና ሚኒስትሮች መካከል ራሜሽ ፖክሪያል፣ ትሪቬንድራ ሲንግ ራዋትና ቲራት ሲንግ ራዋት የተወለዱት በመንደሮቿ ነው። ይባስ ብሎ በ2017 የኡታር ፕራዴሽ ዋና ሚኒስትር የሆኑት ዮጊ አዲትያናትም የያምኬሽዋር ልጅ ናቸው። ፓውሪ ከላክናው ተላቀቀች፤ ላክናውን የሚመራው ግን ከፓውሪ ሄደ! በእኔ እምነት ይህ የሚያሳየው አንድ ነገር ነው። ከአካባቢው ሰው መሾም ለአካባቢው ሥልጣን ከመስጠት ጋር አንድ አይደለም።

ዋና ከተማውስ? ተራራው ለራሱ ያገኘው ግዛት መቀመጫ ከተራራው ግርጌ ባለችው ሸለቆ፣ በደህራዱን ሆነ። የንቅናቄው ሰዎች የሚጠይቋት በተራራው መካከል ያለችው ጋይርሳይን በ2020 «የበጋ ዋና ከተማ» ተባለች። ምክር ቤቱ ግን እዚያ የሚሰበሰበው ለጥቂት ቀናት ነው። የጋርዋል ክፍል ኮሚሽነር ጽሕፈት ቤት ከ1969 ጀምሮ መቀመጫው ፓውሪ ቢሆንም፣ በደህራዱን ደግሞ የካምፕ ጽሕፈት ቤት አለው።

ይህ ብቻ አይደለም። የምርጫ ክልሎች በሕዝብ ብዛት ሲከለሱ፣ ከ70 የምክር ቤት መቀመጫዎች ተራራማዎቹ አውራጃዎች የነበሯቸው 40 ወደ 34 ወረዱ። ሰው ሲፈልስ ድምፅ ይቀንሳል፣ ድምፅ ሲቀንስ በጀት ይቀንሳል፣ በጀት ሲቀንስ ሰው ይፈልሳል። ተራራው የራሱን ግዛት ጠይቆ በራሱ ግዛት ውስጥ አናሳ እየሆነ ነው።

«ይችላል» የምትለው ቃል

እንግዲህ የነገሩ ቋጠሮ የት ላይ ነው? እንደ ሕግ ሰው መልሱን ከሕገ መንግሥቱ ሁለት አንቀጾች አነባለሁ። የህንድ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 3 ፓርላማው በተራ ሕግ አዲስ ግዛት እንዲፈጥር ይፈቅዳል፤ ኡታራካንድም የተፈጠረችው እንዲሁ ነው። በ1992 ጸድቆ በ1993 በሥራ ላይ የዋለው 73ኛው ማሻሻያ ደግሞ የመንደር ምክር ቤቶችን ሕገ መንግሥታዊ አደረገ፤ 29 ጉዳዮችንም ዘረዘረላቸው። ነገር ግን አንቀጽ 243ጂ ሥልጣኑን የግዛቱ ምክር ቤት ሊሰጣቸው «ይችላል» ይላል እንጂ «ይሰጣቸዋል» አይልም። ካርታ ለመለወጥ መንገዱ ክፍት ነው፤ ለመንደሩ ሥልጣን፣ ገንዘብና ባለሙያ ማውረድ ግን ለሹማምንት በጎ ፈቃድ የተተወ ነው። ሹማምንት ደግሞ ሥልጣን ከላይ ሲጠይቁ እንጂ ወደ ታች ሲያወርዱ ብዙም አይታዩም።

የሚቃወሙኝ እንደሚኖሩ አውቃለሁ። «ፍልሰት የነበረ ነው፤ ግዛት መሆን አላመጣውም፤ ሰው ኑሮውን ለማሻሻል ቢሄድ ምን ነውር አለው?» ይሉኛል። እውነት ነው፣ ነውር የለውም። መንገዱም ትምህርት ቤቱም ከ2000 ወዲህ በብዛት መሠራቱ አይካድም። ነገር ግን ግዛቱ የተጠየቀው ሰው መሄድ እንዲችል ሳይሆን መቅረት እንዲችል ነበር። መለኪያውም ይኸው ሊሆን ይገባል። የታመመችን እናት ሐኪም ቤት ለማድረስ፣ ልጅን ከስምንተኛ ክፍል በላይ ለማስተማር፣ የጠፋች ልጅን ለማስፈለግ ሜዳ መውረድ ግድ ከሆነ፣ ዋና ከተማው ላክናው ሆነ ደህራዱን ለመንደሩ ሰው ልዩነቱ ምንድን ነው?

ህንድ ከ2011 በኋላ የመጀመሪያ የሆነውን ቆጠራ ለ2027 ይዛለች። የፓውሪ አኃዝ በጉጉት የሚጠበቅ ይሆናል። አኃዙ ምንም ይሁን ምን ግን የአውራጃዋ ትምህርት አይለወጥም። የመንግሥት ቅርበት የሚለካው ከመንደሩ እስከ ዋና ከተማው ባለው ኪሎ ሜትር ሳይሆን፣ በመንደሩ የተቀመጠው ሹም ሕግ በሰጠው ሥልጣን፣ በጀትና ሙያ ነው። አዲስ ካርታ ለመሳል ቸኩሎ ይህንን የሚረሳ ሁሉ፣ ሕዝቡ የሌለበትን መንደር በቅርበት ማስተዳደሩ አይቀርም።