የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ የደንብ ማሻሻያዎችና ያስከተሉት ውዥንብር

አንድ ደንብ የሚሻሻለው አሠራርን ይበልጥ ግልጽ ለማድረግ እንደሆነ ይታወቃል። ይሁንና የማሻሻያው መለኪያ በጥንቃቄ ካልተደነገገ አስፈጻሚውንም ሆነ የደንቡን ተገዢ ግራ ማጋባቱ አይቀርም። የአሜሪካ ብሔራዊ የፉትቦል ሊግ ያለፉት ዓመታት ተሞክሮ ይህንኑ ያመለክታል።

ሊጉ 32 ቡድኖችን ያቀፈ ሲሆን፣ ማንኛውም የደንብ ለውጥ በሥራ ላይ የሚውለው ቢያንስ የ24 ቡድኖች ባለቤቶች ሲደግፉት ነው።

ለረጅም ጊዜ ሲያወዛግብ የቆየው ጉዳይ በእጅ የተወረወረ ኳስ «ተያዘ» የሚባለው መቼ ነው የሚለው ነበር። በቀድሞው ደንብ መሠረት ኳሱን እየያዘ የሚወድቅ ተጫዋች መሬት ከነካ በኋላም ኳሱን አጽንቶ መቆየት ይጠበቅበታል። በመሆኑም እ.ኤ.አ በ2010 የዲትሮይቱ ካልቪን ጆንሰን፣ በጥር 2015 የዳላሱ ዴዝ ብራያንት፣ በታኅሣሥ 2017 ደግሞ የፒትስበርጉ ጄሲ ጄምስ ተመልካቹ በዓይኑ እንደተያዙ ያያቸው ኳሶች «አልተያዙም» ተብለዋል። ዳኞቹ የደንቡን ቃል ቢከተሉም ውሳኔዎቹ በሕዝብ ዘንድ ተቀባይነት አላገኙም።

ከተደጋጋሚ ውዝግብ በኋላ በመጋቢት 2018 ይኸው ግዴታ በሙሉ ድምፅ ተሰርዟል። በምትኩ ኳሱን መቆጣጠር፣ በሜዳው ክልል ውስጥ ማረፍና የጨዋታ እንቅስቃሴ ማድረግ ወይም ለማድረግ የሚያስችል ጊዜ ማግኘት መለኪያ ሆነዋል።

በአንጻሩ የ2019 ማሻሻያ ውጤት የተለየ ነበር። በዚያው ዓመት ጥር 20 ቀን በኒው ኦርሊንስ በተካሄደው የግማሽ ፍጻሜ ጨዋታ፣ የሎስ አንጀለስ ራምስ ተከላካይ ኳሱ ሳይደርስ ተቀባዩን ገጭቶ ሲጥል ዳኞች በዝምታ አለፉት። ራምስም በተጨማሪ ሰዓት 26 ለ 23 አሸንፎ ለሱፐር ቦውል በቃ። ከሁለት ወራት በኋላ ባለቤቶቹ ይህን መሰል ጥፋት በቪዲዮ እንዲመረመር በ31 ድጋፍና በ1 ተቃውሞ ለአንድ የውድድር ዘመን ወሰኑ።

ሆኖም ውሳኔን ለመሻር «ግልጽና የማያሻማ» ማስረጃ የሚባለው ምን እንደሆነ ለመርማሪው ግምት የተተወ በመሆኑ፣ ተመሳሳይ ለሆኑ ድርጊቶች የተለያየ ውሳኔ ይሰጥ ጀመር። አሠልጣኞችም መቼ አቤቱታ ማቅረብ እንደሚያዋጣ ለመገመት ተቸገሩ። ደንቡ በ2020 ሳይታደስ ቀርቷል።

ችግሩ ግን ደንቡን ለሙከራ ማውጣቱ አልነበረም። በ2024 ጉዳትን ለመቀነስ ታስቦ የተሻሻለው የመክፈቻ ምት ደንብም በቅድሚያ ለአንድ ዓመት ነበር የጸደቀው። ነገር ግን ተጫዋቾች በየትኛው መስመር ላይ እንደሚቆሙና መቼ መንቀሳቀስ እንደሚችሉ በዝርዝር በመደንገጉ፣ አፈጻጸሙ ተገምግሞ በ2025 በተወሰነ ማስተካከያ ቋሚ ሊሆን ችሏል።

ከዚህ መረዳት የሚቻለው የድጋፍ ድምፅ ብዛት ብቻውን ለአንድ ደንብ ግልጽነት ዋስትና አለመሆኑን ነው። በአንድ ክስተት ቁጣ ተገፋፍቶ የሚወጣ ደንብ ያለፈውን በደል አይክስም፤ መለኪያው ካልጠራም ሌላ ቅሬታ ይወልዳል። ደንብ አውጪ የሆነ ማንኛውም አካል ከማጽደቁ በፊት ሁለት አስፈጻሚዎች አንድን ጉዳይ አይተው ተመሳሳይ ውሳኔ ላይ መድረስ መቻላቸውን ሊያረጋግጥ ይገባል።