ከመጨረሻው ቀጠሮ አትቅሩ

ባለፈው ፌብሩዋሪ ከቴራፒስቴ ጋር ስምንተኛ ቀጠሮዬ ነበር። እዚህ ኢቶቢኮ፣ ኪፕሊንግ ጎዳና ላይ 45 ቁጥር አውቶቡስ ስጠብቅ ቆየሁ። መጣ፤ አልተሳፈርኩም። «ይቅርታ፣ ፈተና አለብኝ» ብዬ ቴክስት ላክሁ። ፈተና አልነበረኝም። ከዚያ በኋላ ስትደውልም አላነሳሁም።

ይህን ለጓደኞቼ ስነግራቸው ሳቁ። ቴራፒ ከሞከሩት ውስጥ ሦስቱ እነሱም እንደዚሁ ነው የጨረሱት። ጨረሱ እንኳ አይባልም፣ ጠፉ።

እኛ ሐበሾች ቴራፒ መጀመር እንደሚከብደን ብዙ ተብሏል። የአማኑኤል ሆስፒታልን ቀልድ ሳይሰማ ያደገ ሰው መኖሩንም እጠራጠራለሁ። ስለ መጨረሱ ግን ማንም ሲያወራ አልሰማሁም።

አንዱ ምክንያት ይሉኝታ ነው። ስታለቅሱ ቁጭ ብሎ የሰማችሁን ሰው «በቃኝ» እንዴት ትሉታላችሁ? እኛ ቤት እኮ «በቃኝ» ማለት ሌላ ጉርሻ መጥራት ነው። ሌላው ገንዘብ ነው። የእኔ በነጻ ነበር፤ ኦሂፕ ግን ለሳይካትሪስት ይከፍላል እንጂ በግል ለሚሠሩ ሳይኮቴራፒስቶች አይከፍልም። የተማሪ ኢንሹራንስም አብዛኛውን ጊዜ የዓመት ጣሪያ አለው። ጣሪያው ሲሞላ «ገንዘብ የለኝም» ከማለት መጥፋት ይቀላል።

ነርሲንግ ስማር ነገሩ ከሌላ በኩል ታየኝ። ሂልደጋርድ ፔፕላው የምትባል አሜሪካዊት ነርስ በ1952 ባሳተመችው መጽሐፍ የነርስና የታማሚ ግንኙነት ደረጃዎች እንዳሉት ጽፋለች፤ የመጨረሻው መለያየት ነው። ክፍል ውስጥ የገረመኝ የመለያየቱ ዝግጅት ከመጀመሪያው ቀን መጀመሩ ነው። ታማሚውን ስንተዋወቅ እስከ መቼ አብረነው እንደምንሆን እንነግረዋለን። ያኔ ቴራፒስቴ በመጀመሪያው ቀን «አሥር ጊዜ እንገናኛለን» ያለችኝ ትዝ አለኝ። እኔ የቢሮ ደንብ እያነበበችልኝ መስሎኝ ነበር።

መለያየት ለብዙዎቻችን ቀላል አይደለም። በአምስት ዓመቴ ከአዲስ አበባ ስመጣ ያሳደገችኝን አያቴን ቻው አላልኳትም። እንዳላለቅስ «ዘመድ ጥየቃ ነው የምንሄደው» ተባልኩ። ስትሞት ደግሞ ፈተና ላይ ስለነበርኩ መርዶው የተነገረኝ በአሥራ አንደኛው ቀን ነው። ቤተሰቦቼ አዝነውልኝ ነው እንጂ ክፉ ሆነው አይደለም፤ መርዶ ወግ አለው። እኔ ግን ሁለቱንም ጊዜ ሳልሰናበት ቀረሁ። ኪፕሊንግ ላይ አውቶቡሱን ያሳለፍኩ ዕለትም የማውቀውን ነው ያደረግኩት። ሌላ ዓይነት መለያየት አላውቅም ነበር።

የመጨረሻው ቀጠሮ ራሱ ሕክምና ነው የምለው ለዚህ ነው። ማንም ሳይሞት፣ ማንም ሳይጣላ፣ ቀኑ አስቀድሞ ታውቆ፣ ፊት ለፊት ተቀምጦ «ይኼን ሰጥተሽኛል፣ ይኼኛው ግን አሁንም ያመኛል» ብሎ መለያየት። ስንቶቻችን አድርገነው እናውቃለን?

እናቴ ይህን ስነግራት «የንስሐ አባት ዕድሜ ልክ ነው፤ የሚያሰናብት ሕክምና ደግሞ ምን ዓይነት ነው?» አለችኝ። ጥያቄዋ ደስ ይላል። የንስሐ አባት የቤተሰብ ነው፤ ሐዘን ላይም ክርስትና ላይም ይመጣል። ቴራፒስት ግን አንድ ቀን እንዳያስፈልግ ነው የሚሠራው። ያ ማለት ሁሉም ቁስል ድኖ ያልቃል ማለት አይደለም፤ ፍሮይድ ራሱ ሊሞት ሁለት ዓመት ሲቀረው፣ በ1937፣ ሳይኮአናሊሲስ በእርግጥ ማለቂያ አለው ወይ ብሎ ጽፏል።

ቁጥሩ ስለሞላ ብቻ የሚያበቃ ቴራፒ ደግሞ መዳን አይባልም። አሥር ቀጠሮ የሚሰጥ ቢሮ በአሥረኛው ያልተሻለውን ሰው ወዴት እንደሚልከው ከመጀመሪያው መናገር አለበት። ካልተናገረ እናንተ ጠይቁ። ኦንታሪዮ ውስጥ ለድብርትና ለጭንቀት በነጻ የሚሰጥ የመንግሥት የሳይኮቴራፒ ፕሮግራም አለ፤ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ደግሞ 988 ቀንም ሌሊትም ይመልሳል።

ልታቆሙ ካሰባችሁ ቢያንስ አንድ ቀጠሮ ቀደም ብላችሁ ተናገሩ። «አልጠቀመኝም» ማለትም ይቻላል፤ ይህን መስማት ሥራቸው ነው። ያለቀው ገንዘብ ከሆነም ንገሯቸው፤ ዋጋ የሚቀንሱ አሉ። ምን ምልክት ሳይ ልመለስ ብላችሁም ጠይቁ።

እኔ ጁን ላይ ኢሜይል ጻፍኩላት። ስለ ፈተናው መዋሸቴንም ነገርኳት። «ሦስት ቀጠሮ ይቀርሻል» ብላ መለሰችልኝ። ሁለቱን ስለ አያቴ አወራን። በመጨረሻው ቀን ሰዓቱ ሲያልቅ እንደ ሐበሻ እንግዳ በሩ ላይ ቆሜ አዲስ ወሬ ጀመርኩ። ሳቀች፣ ቆማም ሰማችኝ። ውጭ ቀጣዩ ሰው ይጠብቃል። ከዚያ ቻው አልኳት።