መቆጣት ወንጀል አይደለም

እንግሊዝ አገር ካውንስል (የአካባቢ መስተዳድር) ላይ አቤት ያለ ሰው አቤቱታው ሳይመረመር እሱ ራሱ ተመርምሮ ሊገኝ ይችላል። ከስሙ ጎን «ለሠራተኞች አደገኛ» የሚል ምልክት ይገባል። ከዚያ ወዲያ ቧንቧ ሊጠግን የሚመጣው ሠራተኛ ጓደኛ አስከትሎ ይመጣል፣ ስልክ የሚያነሳውም ገና ድምፁን ሳይሰማ ይፈራዋል። ከሳሹም፣ መስካሪውም፣ ፈራጁም ያው ቅሬታ የቀረበበት መሥሪያ ቤት ነው። ይህ ግፍ ነው!

አንዲት በዕድሜ የገፉ ጎረቤቴን ላስተረጉምላቸው አብሬያቸው ወደ ካውንስሉ ቢሮ ሄጄ በዓይኔ አይቻለሁ። የመኝታ ቤታቸው ግድግዳ ከጣሪያ እስከ ወለል በሻጋታ ጠቁሯል። በተደጋጋሚ አመልክተው መልስ አጥተዋል። ጸሐፊው እንደገና «ቅጽ ይሙሉ» ሲላቸው መዳፋቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳርፈው፣ «ልጄ፣ የልጅ ልጄ ሌሊቱን ሙሉ ሲያስል ያድራል እያልኩህ ነው!» አሉ። በቃ፣ የሆነው ይኸው ነው። ቀጥሎ የመጣው ደብዳቤ ግን «የማስፈራራት ባሕርይ» ስላሳዩ ከእንግዲህ ቢሮ እንዳይመጡ የሚያዝ ነበር። ስለ ሻጋታው አንዲት መስመር አልነበረበትም።

ይህ የእሳቸው ብቻ ዕጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 ስላው ከተማ ውስጥ አንዲት ሴት፣ መናፈሻ ውስጥ የአበባ መደብ የሚያበላሽ ሰካራም ለማስቆም ስትሞክር ሰውየው ዛተባት። ለካውንስሉ ደወለች፤ ስልኩን ያነሳችው ሠራተኛ አያያዝ ግን ይበልጥ አቆሰላት። በጽሑፍ ስታመለክትም፣ «ሠራተኛዋ ያኔ አጠገቤ ብትሆን ኖሮ እመታት ነበር፣ እኔ ግን እንዲህ ዓይነት ሰው አይደለሁም» አለች። ካውንስሉ ይህችን የንዴት ቃል ይዞ በኃይለኞች መዝገብ ለ18 ወራት አሰፈራት፤ ስሟንም ጉዳዩ ለማይመለከታቸው ክፍሎች ጭምር በተነው። እሷ ግን ዝም አላለችም። በስም ማጥፋት ከሳ በ2009 12,000 ፓውንድ ተፈረደላት፤ ካውንስሉ ይግባኝ ቢልም በ2010 ተረታ።

ሠራተኛ አይጠበቅ የሚል የለም። የሚደበደብ፣ ውሻ የሚለቀቅበት፣ ምራቅ የሚተፋበት ሠራተኛ አለ፤ ሕግም ፖሊስም ይድረስለት። ነገር ግን ዱላና ቁጣ አንድ አይደሉም። ልጁ የታመመችበት፣ ቤቱ የሚያፈስበት ሰው በለሆሳስ እንዲናገር መጠበቅ ከየት የመጣ ፍርድ ነው? እጁን እያወናጨፈ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ለሚያወራው የእኛ ሰውማ አደጋው እጥፍ ነው፤ ቋንቋውን የማያውቅ ጸሐፊ የሚያነበው ፊቱንና እጁን ብቻ ነውና።

የአገሪቱ የመረጃ ኮሚሽነር መሥሪያ ቤት ያወጣው መመሪያ ግልጽ ነው፦ ምልክቱ በጥቅል አስተያየት ሳይሆን በተጨባጭ ድርጊት ወይም ባለሙያ በግልጽ ባሳወቀው ስጋት ላይ ይመሥረት፤ ውሳኔውን ከፍ ያለ ኃላፊ ይስጥ፤ ሰውየው በመደበኛው ይነገረው፤ ጊዜው ሲያልፍም ይሰረዝ። እንግዲህ መመሪያው ካለ ይከበር! በድብቅ የተጻፈ ምልክት መልስ ሊሰጥበት የማይቻል ክስ ነው።

ወገኖቼ፣ «ዝም አይነቅዝም» የሚለውን ተረት እዚህ አንሥራበት። ዝም ያለ ሰው ቤቱ ይሻግታል። «በእጃችሁ ያለውን የእኔን መረጃ በሙሉ ስጡኝ» ብሎ መጠየቅ ሕጋዊ መብት ነው፤ በመደበኛው ክፍያ የለውም፣ መልሱም አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወር ውስጥ መምጣት አለበት። ሐሰት ካገኛችሁ ይታረም በሉ፤ እምቢ ካሉ ወደ ኮሚሽነሩ ሂዱ፣ የካውንስሉን አሠራር ደግሞ ለአካባቢ መስተዳድር እንባ ጠባቂ አመልክቱ። ሁሉንም በጽሑፍ አድርጉት፣ ቅጂውንም አስቀሩ።

ካውንስሎችም ይስሙ፦ ምልክቱን ከመጻፋችሁ በፊት ግድግዳውን አድሱ። ሠራተኞቻችሁን ከብዙ ቁጣ የሚያድናቸው እሱ ነው።