ከትምህርት ቤታችን ጀርባ ያለው መሬት የዲስክ ጎልፍ መጫወቻ ይሁን



ከትምህርት ቤታችን ጀርባ፣ ባሕር ዛፎቹ ባሉበት በኩል፣ ለዓመታት ያለ ሥራ የተቀመጠ መሬት እንዳለ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ተዳፋት ስለሆነና ዛፍ ስለሚበዛበት ለእግር ኳስ አይመችም። በዚህም ምክንያት በየጠቅላላ ጉባኤው አንድ ሐሳብ ይነሣል፤ ዛፉ ይቆረጥና ቦታው ለመኪና ማቆሚያ ይከራይ የሚል ነው። ገንዘብ እንደሚያስፈልገን አልክድም፤ በየወሩ የደመወዝ መክፈያውን የምፈርመው እኔው ነኝ። ሆኖም በዚህ የዓመት መጽሔት አቋሜን በግልጽ ላስቀምጥ እወዳለሁ። ያ መሬት ለልጆቻችን የዲስክ ጎልፍ መጫወቻ ቢሆን ከኪራዩ የበለጠ ይጠቅመናል።

ጨዋታውን ለማታውቁት በአጭሩ ላስረዳ። ሕጉ ከጎልፍ ጋር ይመሳሰላል፤ በኳስና በዱላ ፈንታ ግን እንደ ሳህን ክብ የሆነ የፕላስቲክ ዲስክ በእጅ ይወረወራል። ተጫዋቹ ከመነሻው ይወረውራል፤ ዲስኩ ካረፈበት ሄዶ እንደገና ይወረውራል፤ በመጨረሻም ሰንሰለት በተንጠለጠለበት የብረት ቅርጫት ውስጥ ያስገባዋል። ከዚያ ወደሚቀጥለው ቅርጫት ያልፋል። ሁሉንም ቅርጫቶች በትንሹ ውርወራ የጨረሰ ያሸንፋል። በተለመደው ጨዋታ ዳኛ አይቆምም፤ ተጫዋቾቹ ራሳቸው ቆጥረው ይመዘግባሉ። ልጅ በጓደኞቹ ፊት ስድስት ጊዜ ወርውሮ «ስድስት» ብሎ ማስመዝገብን ከለመደ፣ እኛ መምህራን በግብረ ገብ ትምህርት የምንደክምበትን ነገር በሜዳ ላይ ተማረው ማለት ነው።

ለምን ይህን ጨዋታ መረጥሁ? በእረፍት ሰዓት ሜዳችንን ተመልከቱ። ኳሱን ትልልቆቹ ወንዶች ልጆች ይዘውታል። አብዛኞቹ ሴቶች ልጆችና የታችኛው ክፍል ሕፃናት ግድግዳ ተደግፈው ያያሉ። እግር ኳስ ይቅር አላልሁም፤ ለቀሩትም ቦታ እንፈልግላቸው ነው የምለው። በዲስክ ጎልፍ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ከአባቷ ጋር፣ ከፈለገችም ከአያቷ ጋር፣ በእኩል ተራ ትጫወታለች። ሩጫም ግፊያም የለበትም። ለኳስ እንቅፋት የሆነብን ተዳፋትና ዛፍ እዚህ ጨዋታውን የሚያጣፍጠው ነው፤ ስለዚህ አንድም ዛፍ መቁረጥ አያስፈልግም።

«ብረቱ፣ ሰንሰለቱ፣ ወጪው» የሚሉ ወላጆች አሉ። ለእነርሱ የጨዋታውን ታሪክ አስታውሳለሁ። የመጀመሪያው ቋሚ የዲስክ ጎልፍ መጫወቻ በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ፣ ኦክ ግሮቭ በተባለ መናፈሻ እ.ኤ.አ. በ1975 ተሠራ። የነደፈው ኤድ ሄድሪክ ነበር። ያን ጊዜ ዒላማው ተራ ምሰሶ ነበር፤ ዲስኩ ምሰሶውን ከነካ በቂ ነው። ዛሬ የምናየው ባለሰንሰለት ቅርጫት ከዚያ በኋላ የመጣ ነው፤ ሄድሪክ የፈጠራ መብቱን ያገኘው በ1977 ነው። ጨዋታው ቀደመ፣ ቅርጫቱ ተከተለ። እኛም በዚሁ ቅደም ተከተል እንሂድ።

የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በመጪው የትምህርት ዓመት በስድስት ቦታ አሮጌ ጎማና ጄሪካን ዒላማ አድርገን እንጀምር፤ የምንገዛው ዲስክ ብቻ ነው። የስፖርት መምህራን ከተማሪዎች ጋር ሆነው መነሻዎቹን ይለኩ፤ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ርቀትና ማዕዘን ለማስተማር ይጠቀምበት። ቅዳሜ ከሰዓት ለወላጆች ክፍት ይሁን። ስንት ሰው እንደመጣ፣ ከእነዚያም ስንቱ ሴቶች እንደሆኑ በመዝገብ ይያዝ። በዓመቱ መጨረሻ ለጉባኤው የምናቀርበው ማስረጃ ያ መዝገብ ይሆናል። ሰው ከመጣ ቅርጫቶቹን አንድ በአንድ በብየዳ እናሠራለን፤ ካልመጣ የምናጣው አሮጌ ጎማ ነው።

ስለ ደኅንነትም እናስብ። የዚህ ጨዋታ ዲስክ ልጆች በባሕር ዳርቻ ከሚወረውሩት ፍሪዝቢ ይልቅ ጠርዙ ጠንካራ ነው፤ ፊት ላይ ቢያርፍ ይጎዳል። ስለዚህ አንድም የውርወራ መስመር የእግር መንገድን ማቋረጥ፣ ወደ በሩ ወይም ወደ ጎረቤት ግቢ ማነጣጠር የለበትም። ከፊት ያለው ቡድን ሳይርቅም አይወረወርም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን የመሬቱ ነገር ነው። እኛ የናይሮቢ ነዋሪዎች ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። 1,000 ሄክታር ገደማ የሚሆነው የካሩራ ደን በ1990ዎቹ ተሸንሽኖ ለግንባታ ሊሰጥ ነበር። ዋንጋሪ ማታይና አጋሮቿ በጥር 1999 ችግኝ ሊተክሉ ሄደው ተደበደቡ፤ ደኑ ግን ተረፈ። ዛሬ ቤተሰብ የሚንሸራሸርበት፣ ወጣት የሚሮጥበት ስፍራ ነው። በየቀኑ ሺህ እግር የሚረግጠውን ቦታ እንደ ባዶ መሬት መሸንሸን እንዲህ ቀላል አይደለም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባላል። የእኛም መሬት ባለቤት እንዳለው የሚታወቀው ልጆቻችን ሲጫወቱበት ነው። አንዴ ዛፉ ተቆርጦ አስፋልት ከተነጠፈበት ግን፣ የኪራዩ ውል ቢያበቃ እንኳ ሜዳው አይመለስም።

ስለዚህ ጠቅላላ ጉባኤውን የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ የኪራዩ ውሳኔ ለአንድ የትምህርት ዓመት ይቆይ፤ መሬቱን ለሙከራ እንድንጠቀምበት ፈቃዱ በጽሑፍ ይሰጠን። ተማሪዎች ሆይ፣ እናንተም በክረምቱ ቤት ውስጥ የተጣለ ጎማ ካያችሁ አትርሱን። ወላጆች፣ የመጀመሪያው ቅዳሜ ሲታወጅ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ራሳችሁም ወርውሩ፤ ከዚያ በኋላ ድምፃችሁን ስጡ።

መልካም የእረፍት ጊዜ ይሁንላችሁ።

የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር