«ለስላሳ ነው፤ ምን ያመጣል?»

መሐል ሜዳ ላይ ታማሚ ሊጠይቅ የሚሄድ ሰው እጁ ላይ ምን ይይዛል? ብርቱካንና ሁለት ጠርሙስ ለስላሳ። ሠርግ ላይ ጠላ የማይቀምሱ እንግዳ ሲመጡ «ለእሳቸው ለስላሳ አምጡላቸው» ይባላል። አልኮል የለውማ! አልኮል የሌለው ሁሉ ጉዳት የሌለው ተደርጎ ከተቆጠረ ቆየ። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው።

ቁጥሩ ይኸው። ምግብ ያልቀመሰ ጤነኛ ጎልማሳ በደሙ ውስጥ ያለው ግሉኮስ በሙሉ ቢሰበሰብ 5 ግራም ገደማ፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ ነው። አንድ ባለ 330 ሚሊ ሊትር የኮካ ኮላ ጣሳ 35 ግራም ገደማ ስኳር አለው። ሰባት እጥፍ፣ በጥቂት ጉንጭ! የዓለም ጤና ድርጅት ቢቻል በቀን ከ25 ግራም አይለፍ ይላል።

«እኔ እኮ ስኳር የለብኝም» የሚል መልስ ይመጣል። ልክ ነው፤ ጤነኛ ቆሽት ኢንሱሊን አመንጭቶ በሁለት ሰዓት ገደማ ደሙን ወደ ቦታው ይመልሰዋል። መለኪያውም ብዙ ጊዜ ከ140 በታች ያሳያል። ነገር ግን የስኳሩ ግማሽ ፍሩክቶስ ነው። እሱ በመለኪያው ብዙም አይታይም፤ ጉበት ላይ ያርፋል፣ ሲበዛም ስብ ይሆናል። በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ብዙ ጥናቶችን ያሰባሰበ ትንታኔ እንዳሳየው፣ በቀን አንድ ሁለት ጣፋጭ መጠጥ የሚጠጡ ሰዎች ጭራሽ ከማይጠጡት ወይም በወር አንዴ እንኳ ከማይሞላላቸው ይልቅ በሁለተኛው ዓይነት ስኳር የመያዝ ዕድላቸው በ26 በመቶ ይበልጣል። እነዚህ ሰዎች ክትትሉ ሲጀመር ስኳር አልነበረባቸውም።

የሚያንገበግበው ደግሞ ይህ የሚሆነው በገብስ አገር መሆኑ ነው። ከመንዝ እስከ ግሼ በሶ በውሃ ተበጥብጦ፣ ጨው ጣል ተደርጎበት መንገደኛ ያሳደረ ነው። በሶም ቢሆን ወደ ግሉኮስ ይለወጣል፤ ሆኖም ቤታ ግሉካን የሚባለው የገብስ አሰር የስኳሩን ወደ ደም መግባት ያዘገየዋል። ዛሬ በሶ ለእንግዳ ማቅረብ ድህነት ይመስላል፤ ጠርሙስ መክፈት ክብር ሆኗል። (ቀሪቦም ስኳሩ ከበዛ ከጠርሙሱ አይለይም።)

ሕጉስ? አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጣ። ጥሩ ሠራ። ለስላሳው ግን ከእገዳው ውጭ ነው፤ በየበዓሉ ከዶሮ ወጡ ጎን ተደርድሮ ይታያል። ቢያንስ የስኳሩ መጠን በጠርሙሱ ፊት ለፊት፣ በአማርኛ፣ ዓይናቸው የደከመ እናት በሚያነቡት ፊደል፣ ያውም በሻይ ማንኪያ ተቆጥሮ ይጻፍ።